ከቤተ መንግሥት ጠባቂ እስከ ትምህርት ቤት መምህር፦ የሾቶካን ካራቴ የትውልድ ሐረግ

ወላይታ ውስጥ ሰውና ሰው ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ጎሳ ነው። ማላ ነህ ወይስ ዶጋላ? ከየትኛውስ ቤት? መልሱ ሲታወቅ ዝምድናውም መከባበሩም አብሮ ይታወቃል። ካራቴም እንዲህ ባለ ሐረግ የሚቆጠር ጥበብ ነው። ሶዶም ሆነ አረካ ወይም ቦዲቲ፣ ነጭ ልብሱን ለብሶ ቀበቶውን የሚያጠብቅ ወጣት አሠልጣኝ አለው፤ አሠልጣኙም አሠልጣኝ ነበረው። ይህ ሰንሰለት ወደ ኋላ ሲሳብ ኦኪናዋ የምትባል ደሴት ላይ፣ ዛሬ በሌለ አንድ ትንሽ መንግሥት ቤተ መንግሥት ደጅ ላይ ይደርሳል። በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት የካራቴ ስልቶች አንዱ የሆነው ሾቶካን የመጣው ከዚያ ነው። የሩቅ አገሩን ዘመን እ.ኤ.አ. እየቆጠርኩ፣ የእኛን ደግሞ ዓ.ም. እያልኩ ልተርከው።

ኦኪናዋ በጃፓንና በታይዋን መካከል የተዘረጉት ደሴቶች ትልቋ ናት። በ1429 ሦስት ተቀናቃኝ ግዛቶች አንድ ሆነው የሪዩኪዩ መንግሥት ተመሠረተ፤ መናገሻውም ሹሪ ሆነ። አገሪቱ የምትኖረው በባሕር ንግድ ነበር። ለቻይና ንጉሠ ነገሥት ግብር ትልካለች፤ በምላሹም የንግድ በር ይከፈትላታል። በ16ኛው መቶ ዘመን መባቻ ንጉሥ ሾ ሺን በየአውራጃው ያሉትን መሳፍንት ሹሪ ከተማ አምጥቶ አስቀመጠ፤ መሣሪያቸውንም በመንግሥት ግምጃ ቤት ሰበሰበ። በ1609 ደግሞ ከደቡብ ጃፓን የሳትሱማ ጦር መጥቶ ደሴቶቹን ወረረ። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ እንዲቆይ ተፈቀደለት፤ ነገር ግን ለሳትሱማ ይገብር ነበር፤ ለቻይናም እንደ ቀድሞው ግብሩን ይልክ ነበር። ለሁለት ጌታ የሚገብር መንግሥት ሆነ ማለት ነው።

ስለ ካራቴ አመጣጥ በየፊልሙና በየመጽሔቱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ መሣሪያ የተከለከለ ገበሬ በሌሊት ተደብቆ ሳሙራይን በባዶ እጁ የሚጥልበትን መንገድ ፈለሰፈ የሚል። ልብ ይነካል። ነገር ግን ስማቸው እስከ እኛ የደረሰው የጥንት ባለሙያዎች አብዛኞቹ ገበሬዎች አልነበሩም። የቤተ መንግሥት ሹማምንት፣ ጸሐፊዎች፣ ጠባቂዎች፣ ወደ ቻይና የተላኩ መልእክተኞች ነበሩ። ጥበቡ በመኳንንቱ መካከል በምስጢር የሚያዝ፣ ከአንድ መምህር ለአንድ ወይም ለሁለት ደቀ መዝሙር የሚተላለፍ ነበር።

ከቻይና ወገን የመጣው እጅ በጽሑፍ ብልጭ የሚለው በ1762 ነው። በዚያ ዓመት አንድ የኦኪናዋ መርከብ በማዕበል ተገፍቶ ጃፓን ውስጥ ቶሳ በሚባል አገር ዳርቻ ላይ ደረሰ። የቶሳ ሊቅ ተሳፋሪዎቹን ስለ አገራቸው እየጠየቀ ቃላቸውን መዘገበ። በዚያ መዝገብ ውስጥ ኩሳንኩ የተባለ ቻይናዊ ደሴታቸው መጥቶ ትግል ማሳየቱ፣ ሰውነቱ ደካማ መስሎ ሳለ ከእሱ የጠነከረውን ሰው መጣሉ ተጽፏል። ከዚህ ቻይናዊ ወይም ከአጃቢዎቹ ተማረ የሚባለው ሳኩጋዋ ካንጋ የተባለ የሹሪ ሰው ነው። ኩሳንኩ የሚለው ስም እስከ ዛሬ የኖረው የአንድ ካታ መጠሪያ ሆኖ ነው። ካታ አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው፣ ምቱ፣ መከላከሉና መዞሩ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ የተቀመረ ልምምድ ነው። የሾቶካን ሰዎች ይህን ካታ ካንኩ ይሉታል። ሲጀመር ሁለቱ እጆች ጣቶቻቸው ተነካክተው ቀስ ብለው ወደ ላይ ይነሣሉ፤ ሠሪው በመካከላቸው ባለው ክፍተት ሰማይን ያያል። ትልቁ ካንኩ 65 እንቅስቃሴ አለው። ትረካችን ወደፊት ደጋግሞ ያገኘዋል።

የሳኩጋዋ ተከታይ የሚባሉት ማትሱሙራ ሶኮን ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሦስት ነገሥታትን በተከታታይ ያገለገሉ የቤተ መንግሥት ጠባቂና የነገሥታቱ የትግል መምህር ነበሩ። ወደ ሳትሱማ ተልከው የሳሙራይ ሰይፍ ተምረዋል። የቻይናውን ቅልጥፍና ከሳትሱማው ሰይፍ ቁርጥነት ጋር ያገናኙት እሳቸው ናቸው ይባላል። በአንድ ምት ጉዳዩን መጨረስ የሚለው የሾቶካን ጠባይ ሥሩ እዚህ ይመስለኛል። ከተማሪዎቻቸው ሁለቱ አዛቶ አንኮና ኢቶሱ አንኮ ነበሩ። አዛቶ ባለ ርስት መኮንን፣ ኢቶሱ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ፤ ሁለቱም የልብ ወዳጆች።

በ1879 የጃፓን መንግሥት ወታደርና ፖሊስ ልኮ የሪዩኪዩን መንግሥት አፈረሰ። የመጨረሻው ንጉሥ ሾ ታይ ከሹሪ ወጥተው ወደ ቶኪዮ ተወሰዱ፤ በ1901 እስኪሞቱም ኑሯቸው በዋናነት እዚያ ሆነ። አገሪቱ ኦኪናዋ የምትባል የጃፓን ክፍለ ሀገር ሆነች።

የወላይታ አንባቢ ይህን ሲያነብ ሌላ ነገር ትዝ ሳይለው አይቀርም። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1887 ዓ.ም.፣ የአጼ ምኒልክ ጦር ወላይታ ዘመተ። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ከከባድ ውጊያ በኋላ ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ስማቸው ዛሬም ሶዶ ስታዲየም ውስጥ ይጠራል፤ የወላይታ ድቻ ተጫዋቾች የጦና ንቦች ይባላሉና። የሁለቱ አገሮች ታሪክ በብዙ ነገር ይለያያል፤ በአንድ ላይ መቅለጥ የለባቸውም። ሆኖም ንጉሡ ከተወሰደ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች፣ የሚያውቁት ሙያና የያዙት ጥበብ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሹሪ ላይ ደመወዛቸውን ያጡ መኳንንት ነጋዴና ሰፊ ሆኑ፤ አንዳንዱም ለልመና ወጣ። የካራቴው መልስ የመጣው ከአንድ ያለ ጊዜው ከተወለደ፣ አያቶቹ ቤት ካደገ ደካማ ልጅ ነው።

ፉናኮሺ ጊቺን በ1868 ሹሪ ውስጥ ተወለደ። መንግሥቱ ሲፈርስ 10 ዓመቱ ነበር። ቤተሰቡ ከዝቅተኛ መኳንንት ወገን ሆኖ የድሮውን ሥርዓት አጥብቆ የያዘ ነበር። የዚያ ሥርዓት ምልክት ደግሞ ወንዶች አናታቸው ላይ የሚቋጥሩት ጸጉር ነው። አዲሱ መንግሥት ጸጉር ይቆረጥ ሲል የፉናኮሺ ቤተሰብ እምቢ አለ። ልጁ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናን አልፎ ሳለ፣ ጸጉሩን ያልቆረጠ አይገባም ስለተባለ ቀረ። በ1888 ግን የረዳት መምህርነት ሥራ ሲያገኝ ቆርጦ ቤቱ ገባ። አባቱ በቁጣ ነደዱ፤ እናቱ በጓሮ በር ሸሽተው ወጡ። ከዚህ ቀን ጀምሮ ፉናኮሺ መምህር ናቸውና አንቱ እላቸዋለሁ።

ካራቴ የጀመሩት የትምህርት ቤት ጓደኛቸው አባት ከነበሩት ከአዛቶ ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በሌሊት ነበር። ፋኖስ ይዘው ይሄዳሉ፤ በአዛቶ ግቢ ውስጥ አንዱን ካታ ይሠራሉ፤ ሽማግሌው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። የሚሉት “ድገመው” ነው። ሌላ ጊዜ፣ ከስንት አንዴ፣ “ጥሩ”። ያንኑ ካታ ለወራት ይደጋግማሉ፤ መምህሩ ሳይረኩ ወደ ቀጣዩ ማለፍ የለም። ሊነጋጋ ሲል ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ጎረቤትም ወጣቱ ሌሊቱን የት እንደሚያድር እያማ ይገምታል። ፉናኮሺ በሕይወት ታሪካቸው ሦስቱን የተኪ ካታዎች ብቻ ለመማር አሥር ዓመት እንደፈጀባቸው ጽፈዋል። ዛሬ በጥቂት ዓመት ጥቁር ቀበቶ የሚጠብቅ ተማሪ ይህን ቢያስበው መልካም ነው። ኢቶሱም እየመጡ ያዩአቸው ነበር፤ በኋላም ዋና መምህራቸው ሆኑ።

ጥበቡ ከግቢ ወጥቶ አደባባይ የደረሰው በኢቶሱ እጅ ነው። ከ1901 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ካራቴ በኦኪናዋ ትምህርት ቤቶች ከሰውነት ማጎልመሻ ጋር መሰጠት ጀመረ። ኢቶሱ ለልጆች ከብዷል ያሉትን ረጅም ካታ ከፋፍለው አምስት አጫጭር ፒናን የተባሉ ካታዎችን አዘጋጁ፤ ከምንጮቻቸው አንዱ ኩሳንኩ ነው። በ1908 ደግሞ ካራቴ ከኦኪናዋ አልፎ ለመላው ጃፓን ትምህርት ቤቶች ይጠቅማል ብለው አሥር ነጥብ ያለው ደብዳቤ ለትምህርት ሹማምንት ጻፉ። ስለዚህ ሥራቸው የሚወቅሷቸው አሉ፤ አደገኛውን ክፍል አውጥተው ለልጆች ጂምናስቲክ አደረጉት ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በቤተ መንግሥት ጠባቂ ብቻ የሚታወቅ ጥበብ ቤተ መንግሥቱ ሲፈርስ አብሮ ይቀበር ነበር። ኢቶሱ በ1915 ሲያርፉ ካራቴ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች አካል ውስጥ ገብቶ ነበር።

በመጋቢት 1921 የጃፓኑ አልጋ ወራሽ ሂሮሂቶ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኦኪናዋ ቆም አሉ። በሹሪ ቤተ መንግሥት ፉናኮሺና ተማሪዎች ካራቴ አሳዩአቸው፤ በፈረሰው መንግሥት አዳራሽ፣ ለአፍራሹ መንግሥት አልጋ ወራሽ። በሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ሚኒስቴር ቶኪዮ ላይ ባዘጋጀው ትርኢት ኦኪናዋን ወክለው የሄዱት እሳቸው ናቸው። የ53 ዓመት ሰው ነበሩ። ቶሎ ለመመለስ አስበው የወጡ ቢሆንም የጁዶ መሥራች ካኖ ጂጎሮ ወደ ዶጇቸው፣ ማለትም ወደ ልምምድ አዳራሻቸው፣ ወደ ኮዶካን ጋበዟቸው። እዚያ ባሳዩት ትርኢት ፉናኮሺ የሠሩት ካታ ኩሳንኩን ነው። ሠዓሊው ኮሱጊ ሆአንም መጽሐፍ እንዲጽፉ ገፋፋቸው። ሾቶካንን የሚያሳውቀውን በክብ ውስጥ ያለ ነብር የሣለውም እሱ ነው።

የቶኪዮ ኑሮ ግን መራራ ነበር። ሚስታቸውና ቤተሰባቸው ኦኪናዋ ቀርተዋል። የኦኪናዋ ተማሪዎች በሚኖሩበት ማደሪያ በር አጠገብ ጠባብ ክፍል ተሰጥቷቸው፣ ቀን ግቢውን እየጠረጉ፣ ማታ በአዳራሹ ያስተምሩ ነበር። ገንዘብ ሲያጥራቸው ባርኔጣቸውንና ልብሳቸውን በመያዣ ሰጥተዋል። አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ መጥረጊያ የያዙትን ሰውዬ “የካራቴው መምህር የት ናቸው?” ብሎ ቢጠይቅ “አሁን ይመጣሉ” ብለው ገቡ፤ ልብሳቸውን ቀይረው ወጡና “ፉናኮሺ እኔ ነኝ” አሉት። በ1923 ታላቁ የቶኪዮ የምድር መንቀጥቀጥ ሲደርስ ብዙ ተማሪዎች ሞቱባቸው፤ የመጽሐፋቸውም የማተሚያ ሰሌዳ ጠፋ። እንደገና ጽፈው በ1925 አሳተሙት። በ1924 ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ቀበቶ ለተማሪዎቻቸው ሰጡ፤ የቀበቶውና የማዕረጉ ሥርዓት ከካኖ ጁዶ የተወሰደ ነው። በዚያው ዓመት በኬዮ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ካራቴ ክበብ ተቋቋመ። ዋሴዳና ታኩሾኩ ተከተሉ።

የ1930ዎቹ ጃፓን አገራዊ ስሜት የነደደባት፣ ጦሯ ቻይናን የሚወጋባት አገር ነበረች። በዚያች አገር “የቻይና እጅ” ተብሎ ይጻፍ የነበረ ጥበብ መቀጠል አይችልም ነበር። ፉናኮሺ አጻጻፉን “ባዶ እጅ” ወደሚል ለወጡት፤ የካታዎቹንም ስሞች ጃፓንኛ አደረጉ። ኩሳንኩ ካንኩ የሆነው፣ ፒናንም ሄያን የሆነው ያኔ ነው። ኦኪናዋ ውስጥ በዚህ ያዘኑባቸው ነበሩ፤ ኀዘናቸውም ይገባል። በዚሁ ዘመን መጀመሪያ፣ በ1924 ዓ.ም.፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የኢትዮጵያን መልእክተኞች መርተው ጃፓን ገቡ፤ ያዩትንም “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” በሚል መጽሐፍ ጻፉ። ለአዲስ አበባ ምሁራን ጃፓን ራሷን ሳትሸጥ የሠለጠነች አገር ምሳሌ ነበረች። ቶኪዮ ውስጥ ደግሞ ከተዋጠው ትንሽ መንግሥት የመጡ አንድ አዛውንት የአገራቸውን ጥበብ ስሙን እየቀየሩ ያተርፉ ነበር።

በ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ሜጂሮ በሚባል የቶኪዮ ሰፈር ዶጆ ሠሩላቸውና ሾቶካን ብለው ሰየሙት። ሾቶ ፉናኮሺ ግጥም ሲጽፉ የሚጠቀሙበት የብዕር ስም ነው። በሹሪ አቅራቢያ ባለው ጥድ ውስጥ የሚነፍሰውን ነፋስ ድምፅ ያስታውሳል፤ ካን ደግሞ አዳራሽ ነው። ስልታቸውን ግን እሳቸው ራሳቸው ሾቶካን አላሉትም፤ ካራቴ አንድ ነው ይሉ ነበር። ዛሬ የምናየው የሾቶካን መልክ፣ ዝቅ ብሎ የሚቆምበት ሰፊ አቋቋም፣ ከፍ የሚለው የጎን ርግጫ፣ በአብዛኛው የሦስተኛ ልጃቸው የጊጎ ሥራ ነው። ጊጎ በልጅነቱ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሐኪሞች ዕድሜ አይኖረውም ብለውት ነበር። ጊዜ እንደሌለው ሰው ይለማመድ እንደነበር ያዩት ተናግረዋል።

1945 ሁሉን ወሰደ። ዶጆው በአየር ድብደባ ተቃጠለ። ሚያዝያ ላይ የአሜሪካ ጦር ኦኪናዋ ወረደ፤ የጃፓን ጦር ሹሪ ቤተ መንግሥት ሥር ምሽግ ቆፍሮ ስለነበር ቤተ መንግሥቱ በመድፍ ወደመ፤ ከ120,000 በላይ የኦኪናዋ ሰዎች አለቁ። በኅዳር ጊጎ በ39 ዓመቱ ሞተ። የፉናኮሺ ሚስት ከኦኪናዋ ተፈናቅለው ወደ ኪዩሹ መጡ፤ ባልየውም ቶኪዮን ትተው አብረዋቸው በስደተኝነት ኖሩ፤ በ1947 ቀበሯቸው። የ79 ዓመቱ ሽማግሌ ብቻቸውን ወደ ቶኪዮ ተመልሰው ከጦር ሜዳ የተረፉ ተማሪዎቻቸውን እንደገና ማስተማር ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ ሐረጉ ቅርንጫፍ ያወጣል። በ1949 የጃፓን ካራቴ ማኅበር ተቋቋመ፤ የማሠልጠኑ ሥራ በናካያማ ማሳቶሺ እጅ ወደቀ። ናካያማ ዘመናዊ የስፖርት ሳይንስን አስገቡ፤ አሠልጣኝ የሚያፈራ ኮርስ ከፈቱ፤ ውድድር አዘጋጁ። ፉናኮሺ ግጥሚያን አይወዱም ነበር። ተማሪዎቻቸው እነ ኤጋሚ ሺጌሩ ይህን ይዘው ሾቶካይ በሚባለው ወገን ቀሩ፤ ያለ ውድድር መለማመዱን ቀጠሉ። አጼ ኃይለ ሥላሴ በ1949 ዓ.ም. ቶኪዮን ሲጎበኙና ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ሲቀበሏቸው፣ በሹሪ ለሂሮሂቶ ካራቴ ያሳዩት መምህር የ88 ዓመት ሽማግሌ ሆነው በዚያው ከተማ ነበሩ። ከወራት በኋላ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1957 እ.ኤ.አ.፣ አረፉ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የመላ ጃፓን ሻምፒዮና ተካሄደ። ካናዛዋ ሂሮካዙ የተባለ ተወዳዳሪ እጁ ተሰብሮ ሳለ፣ እናቱ ሊያዩት ስለመጡ ገብቶ አሸነፈ። የፉናኮሺ መታሰቢያ ድንጋይ ካማኩራ ውስጥ በኤንጋኩጂ ቤተ መቅደስ ቆሟል፤ በካራቴ ቀድሞ መምታት እንደሌለ የሚያሳስበው ትምህርታቸው ተቀርጾበታል።

ወደ እኛ የሚመጣው ቅርንጫፍ በኮርያ በኩል ያልፋል። ጃፓን ኮርያን በያዘችበት ዘመን ቶኪዮ ከተማሩት ኮርያውያን አንዱ ሊ ዎን ኩክ የፉናኮሺ ተማሪ ነበሩ፤ በ1944 ሴኡል ውስጥ ቹንግ ዶ ክዋን የተባለ ቤት ከፈቱ። ቾይ ሆንግ ሂ ደግሞ ጃፓን ሳሉ ሾቶካን ተምረው በኋላ የኮርያ ጄኔራል ሆኑ። በኮርያ ጦርነት፣ ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም.፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን በዚያ ምድር ተዋግተዋል። ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1955 እ.ኤ.አ.፣ ቾይ ቴኳንዶ የሚለውን ስም አወጡ። ቴኳንዶ በኋላ የራሱን መንገድ ይዞ፣ እግርን አስቀድሞ አድጓል፤ የኮርያ ጸሐፊዎችም ሥሩን ወደ ጥንት አገራቸው ይመልሳሉ። ነገር ግን ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የለበሱት ቀበቶ፣ መጀመሪያ የሠሩት ሄያን ካታ ከፉናኮሺ ዶጆ የወጣ ነው። ስለዚህ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ቴኳንዶ የሚሠራ የሶዶ ወጣትና ካራቴ የሚሠራው ጎረቤቱ፣ የስልት ፉክክራቸው ቢኖርም፣ የአንድ ግንድ ልጆች ናቸው።

ካራቴ ራሱ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በናካያማ አሠልጣኞች እጅ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓና ወደ አፍሪካ ሄደ። ኢትዮጵያ ውስጥ የብዙ ወጣት የመጀመሪያ ትውውቅ በቪዲዮ ቤት ነበር። ብሩስ ሊንና ጃኪ ቻንን አይቶ የወጣ ልጅ መንገድ ላይ ይራገጣል፤ የቻይናውን ኩንግፉ ከኦኪናዋው ካራቴ ለይቶ የሚያስረዳው ሰው ጥቂት ነበር። ማስተር የሚባለው አሠልጣኝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከፊልም ምት መቅዳት ይቻላል፤ “ድገመው” የሚል ሰው ግን በፊልም ውስጥ የለም።

አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት የ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ኦሊምፒክ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ፤ ለእሱም ኒፖን ቡዶካን የተባለው አዳራሽ ተሠራ። ካራቴ ተራው የደረሰው ከ57 ዓመት በኋላ፣ በ2021 እ.ኤ.አ.፣ በዚያው አዳራሽ ነው። በሴቶች ካታ ስፔናዊቷ ሳንድራ ሳንቼዝ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘችው ቻታንያራ ኩሻንኩ በሚባለው ካታ ነው፤ ይህም ከሌላ የኦኪናዋ ቤት የወረደ የዚያ ቻይናዊ ስም ያለበት ካታ ነው። በወንዶች የኦኪናዋው ልጅ ኪዩና ርዮ አሸነፈ፤ ሜዳሊያውን ሲቀበል የሟች እናቱን ፎቶ ይዞ ቆመ። በፍልሚያ ግብፃዊቷ ፈርያል አሽራፍ ለአፍሪካ ወርቅ አመጣች። ኢትዮጵያ በዚያ ኦሊምፒክ በካራቴ አልተወከለችም፤ በቴኳንዶ ግን አንድ ተወዳዳሪ አሰልፋ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ካራቴ ከውድድሩ ዝርዝር ወጣ፤ ቴኳንዶ በቦታው ነበር።